የእታታ ከረሜላ

ጨጓራችሁ እንዴት ነው? (አትሳቁ! እኛ ሰፈር ሰላምታው እንዲህ ሆኗል።)

እውነታችንን ነው። ከመገናኛ ወደ ሾላ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ጆሮ ጣል ብታደርጉ መጀመሪያ የሚወራው ስለ ቤት ኪራይ ነው፤ ቀጥሎ ስለ ኳስ፤ ሦስተኛው ስለ ጨጓራ። "ቡና ትቼ ሻይ ጀመርኩ"፣ "እኔማ ሻዩንም ትቼ ተልባ ላይ ነኝ"፣ "ትናንት ሽሮ በልቼ ሲያቃጥለኝ አደረ"… በርበሬውን እንወቅሳለን፤ ጾሙን እንወቅሳለን፤ ኑሮውን እንወቅሳለን፤ አለቃችንን እንወቅሳለን። ኪሳችን ውስጥ ስላለችው ካፕሱል ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ምን ተብሎ ይወራል? እሷ እኮ ቤተሰብ ናት!

የዛሬው ወጋችን ስለዚህች "ቤተሰብ" ነው። "እኛ" ስንል ሦስት ወንድምና እህት ነን፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አክስታችን ቤት ነው ያደግነው። ስሟን አንነግራችሁም። እኛም በስሟ ጠርተናት አናውቅም፤ እታታ ነው የምንላት። ስልሳ ዓመት ሞልቷታል፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋት ተነስታ የእንጦጦን ዳገት ስትያያዘው እኛ ጎረምሶቹ ከኋላ እያለከለክን ነው የምንከተላት።

እናላችሁ፣ ከአራት ዓመት በፊት እታታን ደረቷን ያቃጥላት ጀመር። ሌሊት እየተነሳች አልጋዋ ላይ ቁጭ ትላለች። ሐኪም ቤት ሄደች፤ ተመረመረች፤ "ኤች ፓይሎሪ አለብሽ" ተባለች። ይሄ እንኳ ብርቅ አይደለም። ባክቴሪያው በዓለም ዙሪያ በጣም ብዙ ሰው ሆድ ውስጥ የሚኖር ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራን እንደሚያስቆጣ በገዛ ሆዱ አሳይቷል፤ ከሮቢን ዋረን ጋርም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ለእታታም ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ፣ ከእነሱ ጋር ኦሜፕራዞል ታዘዘላት። ለ14 ቀን። በሰዓቱ ዋጠች። ቃጠሎው ለቀቃት። እልል!

መድኃኒቱ ባለቀ በሳምንቱ ግን ቃጠሎው ተመለሰ። እታታም የራሷን ምርምር አካሄደች። "አንቲባዮቲኩማ ሆዴን ነው የነፋኝ። ያሻለችኝ ያቺ ካፕሱል ናት" አለች። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። "እስቲ ከፋርማሲ ለሁለት ሳምንት የምትሆን አምጡልኝ።"

አመጣን። ሁለት ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ወሩ ዓመት ሆነ፤ ዓመቱ አራት ሆነ።

እዚህ ላይ ኑዛዜ አለን። ያመላለስነው እኛ ነን። ተራ ይዘን! የፋርማሲው ልጅ ገና ከበሩ ሲያየን "የእታታ ናት?" ብሎ እጁን ወደ መደርደሪያው ይሰዳል። እኛም እንሳሳቃለን። ቤት ውስጥ ፍሪጁ አናት ላይ፣ ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ስም ሁሉ አውጥተንላት ነበር፦ "የእታታ ከረሜላ"። እንግዳ ቃር ሲነሳበት "እታታ ከረሜላ ስጪው" እንላለን። ትሰጣለች። እኛም ራሳችን ሐሙስ ማታ ክትፎ ከበላን በኋላ ከዚያችው እንቆነጥር ነበር።

የመጀመሪያው ምልክት ዓይኗ ላይ መጣ። የግራ ዓይኗ ቆብ ይርገበገባል። ጎረቤታችን እማማ "እንግዳ ሊመጣ ነው" አሉ። ደግሞ መጣ እኮ! የሩቅ ዘመድ ከደብረ ብርሃን ከነልጆቹ ከች አለ። ማን ከዚህ በኋላ ስለ ሕመም ያስባል?

ቀጥሎ እግሯ ሆነ። ሌሊት ባቷ ላይ ጅማቷ ሽምቅቅ ይልና "ወይኔ!" ብላ ትነሳለች። እኛ ተሯሩጠን እናሻለን። ቅባት ቀባን፤ ሙዝ አበላን። "እንጦጦ ነው የጎዳሽ፤ በዚህ ዕድሜሽ ዳገት ምን ያደርግልሻል?" ብለን ቅዳሜዋን ልናስቀራት ሞከርን። እሷም "ዳገቱማ ሠላሳ ዓመት ያውቀኛል" አለችና አፋችንን አስያዘችን።

ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት ቡና ተፈልቷል። እታታ ስኒ ልታቀብለን እጇን ዘረጋች። ስኒው ወደቀ። እጇ ግን አልተመለሰም። አንጓዋ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ አራቱ ጣቶቿ ተሰብስበው ቀጥ አሉ፤ አውራ ጣቷ ወደ መዳፏ ገባ። እንጀራ ልትጠቀልል የሰበሰበቻቸው ይመስላሉ፤ ግን እሷ አይደለችም የሰበሰበቻቸው። ልንዘረጋላት ብንሞክር እምቢ አሉ። ወዲያው ግራዋም ተከተለ። "ከንፈሬን እየወረረኝ ነው" አለች። ሕመሙ ሳይሆን ግራ መጋባቱ ነበር ፊቷ ላይ የሚታየው። የገዛ እጇ አልታዘዛት አለ።

እማማ ከበር ላይ ሆነው ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። "ይሄማ የሰው ዓይን ነው! በሉ ሳይረፍድ ውሰዷት።"

በአቅራቢያችን ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ካልሲየም በመርፌ ሰጧት። እጇ ቀስ እያለ ተፈታ። "ጭንቀት ነው፤ ትረፍ" ተባልንና ተመለስን። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ደግሞ ያዛት፤ አሁን እግሮቿም ጭምር። እማማም "አላልኳችሁም?" አሉ።

እኛ ተማርን የምንል ልጆች ነን። አንዳችን ዲግሪ አለን፤ ሁለታችን እየጨረስን ነው። ግን እውነቱን እንንገራችሁ፣ ያን ሌሊት የእማማ ንግግር ልባችን ውስጥ ገብቶ ነበር። ክሊኒኩ "ምንም የለባትም" ብሏል። ምንም የሌለበት ሰው እጁ በራሱ ጊዜ የሚጠመዘዘው በምንድነው? እታታም ራሷ "እመቤቴ ጋ ውሰዱኝ" አለች። ጎህ ሲቀድ መኪና ጠርተን፣ በስድስት ኪሎ ዞረን፣ በሽሮ ሜዳ በኩል ሽቅብ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣን። ባሕር ዛፉ በጉም ተሸፍኗል። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎብጠው ወደ ታች ይወርዳሉ። ያን ዕለት እነሱን እያየን "ጡንቻ" የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ጊዜ ያሰብነው ይመስለናል።

ጸበሉ ጋ የነበሩት አባት እታታን አጠመቋት፤ እጇን ይዘው አዩት፤ ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ወደ እኛ ዞር አሉ። "ልጆቼ፣ ጸበሉ የትም አይሄድም። እናታችሁን ትልቅ ሐኪም ቤት አድርሷትና ተመለሱ። ሐኪምንም የፈጠረው እሱው ነው።"

በነገራችን ላይ ይህ ነገር ለእንጦጦ አዲስ አይደለም። በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ስንቱ ሕመምተኛ ነው ወደዚያ ተራራ የወጣው! "ጸበል ከጀመርክ ኪኒኑን ተው" እየተባለ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ያቋርጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። እኛም ያን ጠዋት የሰማነው የዚያኑ ምክር ነበር።

ሆስፒታል ደረስን። የተቀበለችን ዶክተር ወጣት ናት፤ በዕድሜ ከእኛ ብዙም አትበልጥም። መጀመሪያ የደም ግፊት መለኪያውን እታታ ክንድ ላይ አሰረችና ነፋችው። ነፍታም ቶሎ አላስተነፈሰችውም። አንድ ደቂቃ… ሁለት ደቂቃ… ሦስተኛው ሳይሞላ የእታታ ጣቶች ዓይናችን እያየ ተሰበሰቡ። እኛ ደነገጥን፤ ዶክተሯ ግን ራሷን ነቀነቀች። ምልክቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም በአርማን ትሩሶ ስም ነው የሚጠራው። (የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጆች ሆነን ከፈረንሳይ የደረሰልን የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው!) ክንድ ላይ ደም ለጥቂት ደቂቃ ሲታገድ እጅ እንዲህ ከተሸማቀቀ፣ ደም ውስጥ ካልሲየም ማነሱን ይጠቁማል።

"ምን መድኃኒት ትወስዳለች?" አለችን።

"ለግፊት፣ የሚያሸና አንድ ኪኒን።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።" ሦስታችንም በአንድ ድምፅ።

"የጨጓራ?"

ተያየን። "እ… እሱማ ሁሌም አለ።"

"ሁሌም ማለት?"

"አራት ዓመት።"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችም። ብትቆጣን ይሻለን ነበር።

የደም ምርመራው መጣ። ካልሲየም ዝቅ ብሏል። ማግኒዥየም ደግሞ በጣም ዝቅ ብሏል። እዚያው ተኝታ ማግኒዥየም በደም ሥሯ ይሰጣት ጀመር፤ ኦሜፕራዞሉም ቆመ። ያ ክሊኒክ የሰጣት ካልሲየም ለምን እንዳልዘለቀ ያኔ ገባን። ማግኒዥየም በጣም ሲያንስ አንገት ላይ ያሉት ፓራታይሮይድ የሚባሉ ዕጢዎች ካልሲየምን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን በአግባቡ ማመንጨት ያቅታቸዋል። ካልሲየም ቢጨመርም ቀዳዳ እንስራ ውስጥ ውኃ እንደ መሙላት ነው። ሁለቱ ሲያንሱ ነርቮች ያለ ትእዛዝ ይተኩሳሉ፤ ጡንቻም ባለቤቱ ሳያዘው ይኮማተራል።

ቤት ገብተን ስናነብ አደርን። ያገኘነውን እንንገራችሁ።

ኦሜፕራዞል የተሠራው ስዊድን ነው፤ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ጨጓራ ውስጥ አሲድ የሚረጩትን ጥቃቅን ፓምፖች ይዘጋል። ስንቱን ሰው ከሚደማ ቁስልና ከቀዶ ጥገና እንዳዳነ አትጠይቁ። በእጃችን ካሉት ጠቃሚ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ስሙን ለማጥፋት አልመጣንም።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2006 "ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን" ላይ አንዲት አጭር ደብዳቤ ወጣች። ከአንድ ዓመት በላይ ኦሜፕራዞል ሲወስዱ ስለነበሩ ሁለት ሕመምተኞች ነው። እጅና እግራቸው እየተሸማቀቀ ነው የመጡት። ሲመረመሩ ማግኒዥየማቸውም ካልሲየማቸውም ወርዶ ተገኘ። ስናነበው የእታታን ካርድ የምናነብ ነበር የመሰለን! ከዚያ በኋላ ከየአገሩ ተመሳሳይ ታሪኮች ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አወጣ፦ የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ፣ በአብዛኛው ከዓመት በላይ፣ ሲወሰዱ ማግኒዥየምን ሊያወርዱ ይችላሉ፤ ውጤቱም የጡንቻ መኮማተር፣ የልብ ምት መዛባትና የሚጥል ሕመም ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላል። "የዚህ ቤተሰብ" ማለት ኦሜፕራዞል ብቻ አይደለም፤ ኢሶሜፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞል፣ ላንሶፕራዞል… መጨረሻቸው "ፕራዞል" የሆኑት ሁሉ።

ማስጠንቀቂያው ውስጥ የገረመን ሌላም አለ። ከታዩት ሕመምተኞች ሩብ በሚያህሉት ላይ ማግኒዥየም ቢሰጥም ብቻውን አልበቃም፤ መድኃኒቱ መቆም ነበረበት። ከቆመ በኋላ ግን ማግኒዥየሙ በአማካይ በአንድ ሳምንት ይመለሳል። መድኃኒቱ እንደገና ከተጀመረ ደግሞ በሁለት ሳምንት አካባቢ ይወርዳል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? እንደ እታታ የሚያሸና የግፊት ኪኒን ለሚወስድ ሰው ነገሩ ይብሳል፤ ከእነዚህ ኪኒኖች አንዳንዶቹ ማግኒዥየምን በሽንት ያስወጣሉና። በአንድ በር አይገባም፤ በሌላው በር ይወጣል።

"ጤፍ እየበላች?" ትሉ ይሆናል። እኛም ብለናል! ጤፍም ሽሮም በማግኒዥየም የታወቁ ናቸው። ችግሩ ሳህኑ ላይ አይደለም። አንጀት ማግኒዥየምን ወደ ደም የሚያሳልፍባቸው በሮች አሉት፤ መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የእነዚህን በሮች ሥራ ያዳክማል ይላሉ አጥኚዎቹ። እንጀራው ይበላል፤ ማግኒዥየሙ ግን ደጅ ቆሞ ይቀራል።

ታዲያ እታታ ለምን ማቆም አቃታት? ለዚህም መልስ አገኘን። እ.ኤ.አ. በ2009 ዴንማርክ ውስጥ ምንም የጨጓራ ሕመም የሌለባቸው 120 ጤነኛ ሰዎች ተፈተኑ። ግማሹ ለ8 ሳምንት እውነተኛውን መድኃኒት፣ ግማሹ የማስመሰያ ኪኒን ወሰዱ። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ እውነተኛውን ከወሰዱት 44 በመቶው የቃርና የመሰለ የአሲድ ስሜት ተሰማቸው፤ ከማስመሰያዎቹ 15 በመቶው ብቻ። አያችሁ? ጤነኞቹን አቃጠላቸው! የታገደው ፓምፕ ሲለቀቅ ለጊዜው ከበፊቱ በላይ ይረጫል። ሰውየው ግን "ሕመሜ ተመለሰ" ብሎ ፋርማሲ ይሮጣል። ወይም ልጆቹን ይልካል።

አሁን ሌላ "የሆድ መድኃኒት" እንጨምርላችሁ፤ ይሄኛው በተለይ ለእኛ ለወጣቶቹ ነው። ፕላዚልን ታውቁታላችሁ፤ ሲያስመልሰን የምንወጋው ወይም የምንውጠው። አሲድ አይቀንስም፤ ማስመለስን ነው የሚያቆመው። ከማግኒዥየምም ጋር ጉዳይ የለውም፤ እሱ የሚነካው አእምሮ ውስጥ የእንቅስቃሴን መስመር ነው። በተለመደው መጠን ከ500 ሰው አንዱ ያህል ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን፣ አንገት ይጠመዘዛል፤ መንጋጋ ይቆለፋል፤ ዓይን ወደ ላይ ይገለበጣል። ከ30 ዓመት በታች ባሉት ላይ ደግሞ ይበዛል። ይህን ያየ የሰፈር ሰው ምን እንደሚል ለእናንተ አንነግርም! በሐኪም እጅ ግን አንድ መርፌ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታዋል። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ይህ መድኃኒት ከ12 ሳምንት በላይ እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል፤ ሳይለቅ የሚቀር የፊትና የምላስ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላልና። የአውሮፓው ደግሞ በ2013 ከ5 ቀን እንዳይበልጥ መክሯል።

በሉ እንግዲህ፣ ይህን አንብባችሁ ዛሬ ማታ ካፕሱላችሁን መጸዳጃ ቤት እንዳትጥሉብን! ዓይኑ የተርገበገበ ሁሉ ማግኒዥየም አንሶበት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ማጣትና ቡና ማብዛት ነው። ይህ ጉዳት ኦሜፕራዞል ከሚወስዱት ጥቂቶቹን ነው የሚያገኘው። የሚደማ ቁስል ያለበት፣ ወይም አስፕሪን እየወሰደ ጨጓራው እንዲጠበቅ የታዘዘለት ሰው በራሱ ቢያቆም ሌላ መዘዝ ነው። እኛ የምንለው ትንሽ ነገር ነው። ስንት ጊዜ እንደምትወስዱት ጠይቁ። ቀኑ ሲያልቅ "ልቀጥል ወይስ ላቁም፤ ካቆምኩስ እንዴት?" በሉ። ዓመት ካለፋችሁ፣ በተለይ የሚያሸና ኪኒን ካለ፣ "ማግኒዥየሜ ይታይልኝ" በሉ። ሐኪም "ምን ትወስዳለህ?" ሲል ደግሞ ፍሪጅ አናት ላይ ያለውንም ጥሩ። ከረሜላ ብላችሁ ስም ያወጣችሁለትንም ጭምር።

እኛ ያላደረግነው ይሄንን ነው። የእታታን እጅ ያጠመዘዘው የሰው ዓይን አልነበረም። "ሌላ የለም" ያልነው የእኛ አፍ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በየተራ እየሮጥን፣ ፍቅር መስሎን፣ ስናቀብላት ኖርን። አንድም ቀን ግን "እታታ፣ ይሄ ነገር እስከ መቼ ነው?" አላልንም። አለመጠየቃችን ነው የሚያንገበግበን።

እታታ አሁን ደኅና ናት። ዶክተሯ አሲድ በሌላ መንገድ የሚቀንስ መድኃኒት ለጊዜው ቀየረችላት፤ የግፊት ኪኒኗም ታየ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቃጠሎው አስለቅሷት ነበር። "እባካችሁ አንዲት ብቻ" ብላ ለምናናለች። እኛም ጨከንን፤ የእውነት ስንጨክንባት የመጀመሪያችን ነው። ከዚያ እየቀለላት መጣ። ስኳሩ አጠገብ የነበረው ቦታ ዛሬ ባዶ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ቃላችንን ልንፈጽም አብረናት እንጦጦ ወጣን። አባትም አወቁን። እታታ በአንድ እጇ የጸበል ጀሪካን ይዛለች። በሌላው እጇ ቦርሳዋን ከፍታ የሚወሰዱት መድኃኒቶች ሁሉ የተጻፉባትን የታጠፈች ወረቀት አሳየቻቸው። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋችላቸው፤ አምስቱንም።

ስንመለስ ቁልቁለቱን እሷ ቀደመችን።

ቸር እንሰንብት!